በተበተኑ ቤቶች መካከል ማኅበር ስለ መፈለግ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ ከተማችን አዲስ ሰው ወደ ሰፈር በገባ ጊዜ ጎረቤት ሳይቆይ የሚጠይቀው እድር ገብቶ እንደ ሆነ ነው። እድሮች ሁሉ የሚታዘዙለት አንድ የበላይ አለቃ የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ዳኛ፣ በራሱ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ በራሱም ደንብ ይተዳደራል። ሆኖም የአንዱ ሰፈር ሰው በሞተ ጊዜ የሌላው ሰፈር ሰው ለቀብር ከመምጣት የሚያግደው ነገር የለም። ይህን ማንሣቴ በኢንተርኔትም ላይ እንዲሁ ያለ ሥርዓት ስላለ ነው።

በየካቲት 2015 ዓመተ ምሕረት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን እንዳይከፈቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በባሕር ማዶ ከሚኖረው ከእኅቴ ልጅ ጋራ የምንገናኝበት የቤተ ሰብ ጉባኤ በቴሌግራም ነበርና ተቋረጠ። እናቴ በዚያው ወራት ታማ ነበር፤ ወሬዋን ለልጁ የምናደርስበት መንገድ ውድ የስልክ ጥሪ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ልጁ፦ «ጋሼ፣ የአንድ ሰው ንብረት ያልሆነ ስፍራ አለ» እያለ ማስቶዶን ወደሚባለው እንድገባ ይወተውተኝ ጀመር።

ማስቶዶንን በ2009 ዓመተ ምሕረት ያስጀመረው ኦይገን ሮችኮ የተባለ በጀርመን አገር የሚኖር ወጣት ነው። ሰርቨር የሚባሉት ቤቶቹ በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ በየአገሩ ተበትነው ሲኖሩ፣ አክቲቪቲፐብ በተባለ የጋራ ቋንቋ እርስ በርሳቸው ይጻጻፋሉ። ይህንንም ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ማኅበር በጥር 2010 አጽድቆታል። በጥቅምት 2015 ኢሎን መስክ ትዊተርን በገዛ ጊዜ ብዙ ሰው ወደዚያ ጎረፈ።

የሚገባ ሰው አስቀድሞ ቤት ይመርጣል። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖርሁ ነኝና ሳላነብ አልፈርምም፤ የብዙዎቹን ደንብ ተራ በተራ ተመለከትሁ፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት የቀሰምሁትም እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። አንዳንዱ ቤት በሩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ግን የመጣህበትን ምክንያት ጠይቆ፣ አስተዳዳሪው መልሱን መርምሮ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። እኔ የሚጠይቀውን መረጥሁ። ማንን እንዳስገባ የማያውቅ እድር ድንኳኑም ይጠፋበታልና።

ከገቡ በኋላ የሚመጣው ብቸኝነት ግን ሳይነገር ሊቀር አይገባም። በዋናው ገጽ ላይ የሚወርደው ራስህ የመረጥሃቸው ሰዎች ጽሑፍ በሰዓቱ ተራ ነው፤ ማንንም ካልመረጥህ ባዶ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ሰው ራሱን በጥቂት ቃል ያስተዋውቃል፤ ከዚያም ሃሽታግ በተባለው ምልክት የሚወድደውን ነገር ይፈልጋል። እኔ በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ያመጣሁት የግዕዝ ፍቅር ስላለኝ «ግዕዝ» ብዬ ፈለግሁ፤ ጥቂት ሰዎችም አገኘሁ፤ በአማርኛ የሚጽፉትማ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ጥቂትነታቸው ግን አላስከፋኝም፤ ለጻፍሁት መልስ የሚሰጥ አለ።

የቤቱን ባለቤት ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አስተዳዳሪው ቢፈልግ ሌላውን ቤት ሊዘጋበት፣ በምሥጢር የተጻፈውንም ሊያነብ ይችላል፤ ሲደክመው ቤቱን ሊያፈርስ ይችላል። ከመፍረሱ በፊት ወደ ሌላ ቤት ለሚዛወር ሰው ተከታዮቹ አብረውት ይሄዳሉ፤ የቀድሞ ጽሑፉ ግን አይከተለውም። ኢንተርኔት ሁሉ ከተቋረጠም ይህ ቤት ከሌሎቹ ተለይቶ አይከፈትም።

የእኅቴ ልጅ በሌላ ቤት ተመዝግቧል፤ ሆኖም ማታ የሚጽፈው ጠዋት ወደ ችሎት ሳልገባ ይደርሰኛል። የእናቴን የጤና ወሬ ግን በዚያ አንጽፍም፤ እርሱን እስከ ዛሬ በስልክ እንነጋገራለን።