ማልያችሁን የለበሱ ልጆች

የሊብረቪል ባሕር ሆይ፣ እስኪ መልስልኝ። በዚያች ሌሊት የተቀበልካቸውን ልጆች ስማቸውን ታውቀው ነበር? ኤፎርድ ቻባላ የአንድ አገር ሕዝብ በእጆቹ ተማምኖ የሚተኛበት ግብ ጠባቂ መሆኑን ማን ነገረህ? ኬልቪን ሙታሌ በዚያው ሰሞን ብቻውን ሦስት ጎል አግብቶ አገሩን ያስጨፈረ ወጣት መሆኑን ሰምተህ ነበር? ደርቢ ማኪንካን፣ ዊዝደም ቻንሳን፣ ጆን ሶኮን፣ ቲሞቲ ምዊትዋን፣ ኑምባ ምዊላን አንድ ባንድ ጠርተህ ነው ወይስ በጅምላ ነው የወሰድካቸው? ሳታውቃቸው ከሆነ የወሰድካቸው እኔ ልንገርህ። የእናት ልጆች ነበሩ። የመዳብ ማዕድን ከሚወጣባቸው ከተሞች፣ ከአቧራማ ሜዳዎች ተነሥተው አህጉር ያስደነገጡ፣ ቺፖሎፖሎ ሲባሉ ሕፃን ሽማግሌው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው የዛምቢያ ጀግኖች ነበሩ።

ቀኑ ሚያዝያ 19 ቀን 1985 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 27 ቀን 1993። ቡድኑ ሞሪሺየስን በገዛ ሜዳዋ 3 ለ 0 አሸንፎ ገና መመለሱ ነው። ድካሙ ሳይወጣለት ለ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሴኔጋልን ሊገጥም ወደ ዳካር ተነሣ። በመንገደኞች አውሮፕላን የሚያሳፍራቸው ገንዘብ አልነበረም። የተሰጣቸው ባፋሎ የሚሉት የአየር ኃይል ማመላለሻ ነው፤ ለወራት ሳይበር ቆሞ የከረመ። አፍሪካን ባንድ ትንፋሽ ማቋረጥ ስለማይችል ብራዛቪል፣ ሊብረቪል፣ አቢጃን እያለ ነዳጅ እየቀዳ ነበር የሚጓዘው። ብራዛቪል ላይ ሞተሩ አስቸገረ። ቢሆንም ተነሣ። ሊብረቪል ላይ ነዳጅ ቀዳ። እንደገና ተነሣ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የግራ ሞተሩ በእሳት ተያያዘ፤ አብራሪው የሚነደውን ትቶ ደህነኛውን ሞተር አጠፋው። ከባሕሩ ዳርቻ 500 ሜትር ያህል እንደራቁ 30 ሰዎች አለቁ። ከእነሱ 18ቱ ተጫዋቾች ነበሩ።

ጠቋሚ መብራቱ መሳቱን፣ አብራሪው ከሞሪሺየሱ በረራ ሳያርፍ መነሣቱን የሚናገረው የጋቦን መርማሪዎች ዘገባ ይፋ የወጣው በፈረንጆቹ 2003 ነው። አሥር ዓመት! ባሏን የቀበረች ሴት ባሏ በምን እንደሞተ ለማወቅ አሥር ዓመት ጠበቀች። አባቱን ፎቶ ላይ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ጋዜጣ ማንበብ እስኪችል ድረስ ጠበቀ።

ወይ እናንተ ልጆች! ማን ይተካችሁ?

ከእናንተ መካከል ያኔ በ1988ቱ የሶል ኦሊምፒክ የነበራችሁ፣ ጣልያንን 4 ለ 0 ስታሸንፉ ማን አመነ? ቻባላ ግቡን ዘግቶ፣ ካሉሻ ቡዋልያ ሦስቱን አግብቶ፣ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ የዛምቢያን ካርታ ሲፈልግ ያደረው ያን ቀን ነው። ያንን ቡድን ተከትሎ የበቀለው ደግሞ እናንተ ነበራችሁ። ሁለት ዓመት ቆይታ አገራችሁ በአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛ ወጣች። በ1991 ፓወር ዳይናሞስ የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊ ክለቦችን ዋንጫ ወደ ኪትዌ ይዞ ገባ። የእናንተ ጊዜ ደርሶ ነበር። አሠልጣኛችሁ ጎድፍሬይ ቺታሉ በ1972 ብቻ 107 ጎል እንዳገባ አገሩ በኩራት የምትመሰክርለት አጥቂ ነበረ፤ ረዳቱ አሌክስ ቾላም የኳስ ሊቅ። ሁለቱም አብረዋችሁ ሄዱ። አስተማሪና ተማሪ፣ አባትና ልጅ፣ ያለፈውና የሚመጣው ባንድ ላይ ሄደ። ከቤት አንድ ሰው ሲሞት ሐዘን ነው፤ የዘር ማንዘሩ ሐረግ ባንድ ሌሊት ሲቆረጥ ግን ምን ተብሎ ይለቀሳል?

ጥቂት ሰዎች ቀሩ፤ አንዱን ላንሣ። ካሉሻ ቡዋልያ ሆላንድ ለፒኤስቪ አይንድሆቨን ይጫወት ስለነበር ብቻውን በሌላ በረራ ዳካር ሊገናኛቸው ነበር። ከዚያ ስልክ ጮኸ። ስልኩን ባያነሣው ኖሮ እላለሁ፤ ባያነሣው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ጓደኞቹ በሕይወት ይቆዩለት ነበር። ግን አነሣው። የቡድኑ አምበል ነው፤ የሚመራው ቡድን ግን የለም። መልበሻ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡት፣ በቀልዳቸው የሚያስቁት፣ ኳሱን ወዴት እንደሚልክ ሳያዩት የሚያውቁት የሉም። ተርፎ መቅረትም ሞት ነው፤ የቀረው ሰው ራሱ ቀብር ላይ የሚቆምበት ሞት።

ሉሳካ ስትቀበላቸው አገር ምድሩ አለቀሰ። ሣጥኖቹን ተሸክመው ወደ ስታዲየም አስገቧቸው። ሕዝቡ በጎል ጩኸት ይጠብቃቸው በነበረበት ቦታ በለቅሶ ጠበቃቸው። ከዚያም በስታዲየሙ ደጅ ጎን ለጎን ቀበሯቸው። የጀግኖች አጸድ ተባለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደዚያ ስታዲየም ኳስ ሊያይ የሄደ ሁሉ በመቃብራቸው አጠገብ አለፈ።

አሁን ስለ ሌሎቹ ልጆች ላልቅስ። ሟቹን የሚያለቅስለት አያጣም፤ የሟቹን ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ለተላከው ብላቴና ግን ማን አለቀሰለት?

የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ውድድሩ ቀጠለ። የማጣሪያው መርሐ ግብር ለሐዘን ቦታ የለውም። ከየክለቡ ወጣቶች ተጠሩ። ሰው ከሚያውቃቸው ይልቅ የማያውቃቸው ይበዙ ነበር። ዴንማርክ እጇን ዘረጋች፤ ልጆቹ እዚያ ሄደው በዴንማርካዊው አሠልጣኝ በሮአልድ ፖልሰን እጅ ሠለጠኑ፤ በኋላም ስኮትላንዳዊው ኢያን ፖርተርፊልድ ተረከባቸው። ከካሉሻ ጋር ታናሽ ወንድሙ ጆኤል ቡዋልያ ነበረ። ኤልያስ ሊታና ነበረ። ኬነት ማሊቶሊ ነበረ። እነዚህ ልጆች ማልያውን ሲቀበሉ ምን ተሰማቸው? ከባድ ነበር? ቁጥሩን ሲያዩት የትናንቱ ባለቤት ትዝ አላቸው? አንዳንዱ እኮ በራዲዮ ስሙን እየሰማ ያደገበትን ሰው ነው የሚተካው። አንዳንዱ ከሟቹ ጋር አንድ ክለብ ይጫወት የነበረ፣ ጫማ ተውሶት የሚያውቅ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ ሜዳ ሲገባ ተጋጣሚው አንድ አይደለም። ፊት ለፊቱ ሕያው አለ፤ ከኋላው ደግሞ የማይሸነፍ ሙት አለ። ሙት አይደክም፣ አይሳሳት፣ ፍጹም ቅጣት ምት አይስት። ሙት ሁልጊዜ የበለጠ ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1993 ሞሮኮ ሉሳካ መጣች። አደጋው ከደረሰ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ሕዝቡ በአዲሶቹ መቃብሮች አጠገብ አልፎ ስታዲየሙን ሞላው። ሞሮኮ ቀድማ አገባች። ያን ጊዜ በዚያ ሁሉ ሰው ደረት ውስጥ ያለፈውን ቅዝቃዜ ማሰብ አያቅተኝም፤ «ቢኖሩ ኖሮ» የሚል ሐሳብ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ይታየኛል። ከዚያ ቅጣት ምት ተገኘ። ካሉሻ ኳሱን አስቀመጠ። በዚያች ቅጽበት ግራ እግሩ የማን እግር ነበር? የእሱ ብቻ ነው? መታው፤ መረቡ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ጆንሰን ቡዋልያ ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1። ውጭ ያንቀላፉት ይስሙት አይስሙት አላውቅም፤ ውስጥ ያሉት ግን ለእነሱ እንደጮኹ አምናለሁ።

ደስታው ግን ሐዘኑን አላወጣውም። ዳካር ላይ አቻ ወጡ፤ ሴኔጋልን በገዛ ሜዳቸው 4 ለ 0 አሸነፉ፤ ኦክቶበር ላይ ካዛብላንካ ሲገቡ የሚፈልጉት አንድ አቻ ብቻ ነበር። 1 ለ 0 ተሸነፉ። የዓለም ዋንጫው በር በአንድ ጎል ተዘጋ፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም። አደጋው አንድ ዓመት ሳይሞላው ቱኒዚያ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ። ማሊን 4 ለ 0 አሸንፈው፣ ናይጄሪያን ለፍጻሜ ገጥመው፣ ሊታና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በጭንቅላቱ አግብቶ አስፈነጠዛቸው። የናይጄሪያው አሙኒኬ ወዲያው አቻ አደረገ፤ ከእረፍት መልስም ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1። ልጆቹ አለቀሱ። ዋንጫ ስላጡ ብቻ አልነበረም። የጀግኖቹን ሐውልት በዋንጫ ሊሠሩ ነበር፤ ሳይጨርሱት ቀሩ።

እኔ ግን እላችኋለሁ፦ ምንም አላጎደላችሁም። ሐዘን ቤት የነበረ ሰው ተነሥቶ ሲራመድ ማሸነፍ ማለት እሱ ነው።

ዓመታት አለፉ። ያች ሌሊት የሕፃናት ዓይን ላይም ዐረፈች። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ክሪስቶፈር ካቶንጎ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ ስቶፒላ ሱንዙ አራት ዓመት አልሞላውም፤ ኢማኑኤል ማዩካ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን። እነዚህ ናቸው በ2012 ጋቦንና ኢኳቶሪያል ጊኒ ባዘጋጁት የአፍሪካ ዋንጫ የተሰለፉት። ዛምቢያ ባታ ላይ ተመደበች። ሊብረቪል የገባችው ለፍጻሜ ስትደርስ ብቻ ነው። ወደዚያ ባሕር የሚወስደው መንገድ እንደዚያ ጠባብ ነበር፤ ምድቡን ማለፍ፣ ጥሎ ማለፉን ማሸነፍ። አሸነፉ። በግማሽ ፍጻሜው ማዩካ ጋና ላይ አግብቶ በሩን ከፈተው።

ሊብረቪል ሲደርሱ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዱ። አበባ ይዘው ነበር። ካሉሻ፣ በዚያን ጊዜ የአገሩ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ካሉሻ፣ አብሯቸው ቆመ። ወንድሞቹን የበላውን ውኃ ፊት ለፊት አየ። ልጆቹ አበባውን ወደ ማዕበሉ ጣሉ። እነሱ የማያውቋቸውን፣ እሱ ግን የማይረሳቸውን ሰዎች በጋራ አለቀሱ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2012 ምሽት። ተጋጣሚዋ እነ ድሮግባን የያዘችው አይቮሪኮስት ናት። ጆሴፍ ሙሶንዳ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ተጎድቶ እያለቀሰ ወጣ። ድሮግባ ፍጹም ቅጣት ምቱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደው። 0 ለ 0 አለቀ፤ ወደ መለያ ምት ሄዱ። አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ተንበርክከው ይዘምሩ ነበር። ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ አድኖም አግብቶም አሳየ። ሱንዙ የመጨረሻውን መታ። 8 ለ 7። አሠልጣኙ ኤርቬ ሬናር መራመድ ያቃተውን ሙሶንዳን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደሚጨፍሩት ጓደኞቹ ወሰደው። ጀግኖቹ በወደቁበት ከተማ ልጆቻቸው ዋንጫ አነሡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ማብቃት ይወዳል። የእኔ ልብ ግን ማብቃት እምቢ አለኝ። ምክንያቱም ዋንጫው ሉሳካ ሲገባ ቻባላ አልመጣም። ሙታሌ አልመጣም። የቺታሉ ወንበር አልሞላም። ካቶንጎ ካቶንጎ ነው፤ ማኪንካ አይደለም። ሱንዙ የራሱን ጎል ነው ያገባው። ልጆቹ ማልያውን ሞሉት እንጂ ሰዎቹን አልመለሷቸውም፤ መመለስም የማንም ልጅ ሥራ አልነበረም። ናፍቆቴ አልተከፈለም። ከዓመት ዓመት ይታደሳል።

እኛም ኢትዮጵያውያን ይህን ሸክም እናውቀዋለን። በፈረንጆቹ 1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት እነ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ ከወረዱ ወዲህ ማልያችንን የለበሰ ልጅ ሁሉ በእነሱ ሚዛን ሲመዘን ኖሯል። ጃንዋሪ 2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ኔልስፕሩይት ላይ መጀመሪያ የገጠመን የዋንጫው ባለቤት የዛምቢያ ቡድን ነበር። በ10 ሰው ቀርተን አዳነ ግርማ አቻ አደረገንና 1 ለ 1 ወጣን። ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበሩት ሁለቱም ቡድኖች የሚበልጧቸውን ሙታን ተሸክመው ይሮጡ ነበር። እኛ የራሳችንን ሸክም ብቻ አየን፤ የእነሱን ለማየት ዓይናችን አልደረሰም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ። ትልቅ ሰው የለበሰውን ቁጥር የለበሰ ልጅ ስታዩ «እንደ እገሌ ትሆናለህ?» አትበሉት። ፌዴሬሽን የምትመሩ፣ ሚኒስቴር ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ ስለ ጀግንነት ንግግር ከማድረጋችሁ በፊት የሚሳፈሩበትን አውሮፕላን ሞተር አስመርምሩ፤ ለአብራሪውም እረፍት ስጡት። የሞቱት ምትክ የላቸውም፤ አይፈለግላቸውም። በሕይወት ያሉትን ግን ጠብቋቸው፤ በገዛ ስማቸውም ጥሯቸው።