ሳይሞላም ይዘጋል

ባለፈው ክረምት የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአሜሪካ ሲመጣ ጂን ራሚ የሚባል የካርታ ጨዋታ አስተማረኝ። ጨዋታው ለሁለት ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ካርታ ይታደላል። በየተራ አንድ እያነሱ አንድ እየጣሉ፣ ሦስት ወይም አራት ተመሳሳይ ቁጥሮችን፣ አለዚያም በአንድ ምልክት የተከታተሉ ሦስትና ከዚያ በላይ ካርታዎችን መግጠም ነው። ሳይገጥም የቀረው ድምሩ ከ10 ካልበለጠ ዙሩን መዝጋት ይቻላል። ሁሉም እስኪገጥም የጠበቀ ግን በእኛ ሕግ 25 ነጥብ ጉርሻ ያገኛል። ሰውን የሚያጓጓው ይኸው ጉርሻ ነው።

በአራተኛው ተራ ሦስት ኪንግ፣ ከ5 እስከ 8 የተከታተሉ ቀይ ልቦች፣ ከዚያ የማይገጥሙ አንድ ኤስ፣ 2 እና ጥቁር 4 ይዘዋል እንበል። ኤስ አንድ ስለሆነ የቀረዎት 7 ነው። ይዝጉ! ተጋጣሚዎ ገና እጁን አላስተካከለም፤ 30 ቀርቶት ቢገኝ ልዩነቱን 23 ይወስዳሉ። ዙሩ ከረዘመ በኋላ ግን ያው 7 ብዙ ነው። ትልልቆቹን ጥሎ ጨርሶ ትንንሽ መጣል ከጀመረ እጁ ጠርቷል ማለት ነው። እርስዎ በ7 ሲዘጉ እሱ 5 ብቻ ቀርቶት ከተገኘ፣ ልዩነቱም ጉርሻውም የእሱ ነው።

ልጁ ሁልጊዜ ሙሉውን ይጠብቃል። ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ። እናቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሁሉ ነገር ሲሟላ እመጣለሁ» ስትለን ኖራለች። መጀመሪያ ትምህርቷ፣ ቀጥሎ ቤት መግዛት፣ ከዚያ የቤቱ ዕዳ። በዚህ መሀል የባለቤቴን ዓይን ግላኮማ እያደከመው ሄደ።

ልጃችን ይህን ስትሰማ ዕዳዋን ሳትጨርስ፣ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ይዛ መጣች። ባለቤቴ የልጅ ልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችና ለረጅም ጊዜ አየችው። «አፍንጫው የአባቴ ነው» አለች። ሐኪሙ ለከርሞ ማየቷን ማረጋገጥ አልቻለም።

ወላጆች ሆይ፣ የራቁ ልጆቻችሁ «ሲሟላ እንመጣለን» ካሏችሁ ምን ያህል እንደቀራቸው ጠይቋቸው። ከ10 ካልበለጠ ይምጡ።