ጎንደር ወይስ ደባርቅ?

መቼም ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ሻይ ቤት ከተገናኙ ወሬው አንድ ነው፤ “የት ተመደብክ?” እኛም ከዚህ ወሬ አናመልጥም። በአንድ በኩል ትልቁ የጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ በሌላ በኩል ዳባትን አልፋችሁ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ የምታገኙት ደባርቅ። ምርጫ ስንል ጠግበን የምናማርጥ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ዕጣ ነው። ግን ዕጣም ይለዋወጣል (ያውም በምሳ ግብዣ)፣ ስለዚህ ክርክሩ አያልቅም።

ጎንደርን የሚመርጡት ጓደኞቻችን እውነት አላቸው። በየዘርፉ ስፔሻሊስት አለ፤ መጽሐፍ ላይ ብቻ ያነበባችሁት በሽታ አልጋ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ችግሩ በአንድ በሽተኛ ዙሪያ የሚቆመው ሰልፍ ነው። ሲኒየሩ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑ፣ ከኋላ ደግሞ አንገቱን የሚያሰግገው የታች ክፍል ተማሪ። ኢንተርን ደም ይቀዳል፣ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ ካርድ ይፈልጋል። ውሳኔው ከላይ ይወርዳል፤ እኛ እንጽፋለን።

ለደባርቅ የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ “እጅ ይፈታል” ይላሉ። ይፈታል። እኛን የሚያሳስበን ግን ያቺ የሪፈር ወረቀት ናት። ጎንደር ሆነን ተቀባዮች ነን፤ “ማነው የላከው? ለምን አዘገየው?” እያሉ ማጉረምረም ቀላል ነው። ደባርቅ ላይ ወረቀቷን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ካላዛርን ውሰዱ። ሑመራና መተማ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ጎረምሳ ታሞ ወደ ደጋው ይመለሳል። ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ። ጎንደር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተጠርጥሮ ነው፤ የበሽታው ሕክምና ማዕከልም እዚያው አለ። ደባርቅ ሲገባ ግን ትኩሳት ያለበት ሰው ብቻ ነው፤ ምናልባትም ለወባ ሁለት ሦስቴ የታከመ። “የት ሠርተህ መጣህ?” የምትለዋ ጥያቄ የምትለመደው እዚያ ነው።

ወይም ምጥ የጠናባትን ሴት አስቡ። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ያለችው ጃናሞራ ነው፤ ተራራ፣ ገደል፣ ከዚያ ደግሞ ተራራ። ከዚያ አገር መንገድ ካልገባባቸው ቀበሌዎች ወላድ የምትወጣው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ነው። ደባርቅ ከደረሰች በኋላ ጎንደር ትሂድ ብትሉ ባልየው “ዶክተር፣ እዚያ ስንት ቀን ያስቀምጡናል?” ይላችኋል። የሚጠይቃችሁ ስለ ማደሪያው፣ ስለ እንጀራው፣ ደጅ ስላስቀራቸው ልጆችና ከብቶች ነው። ዝም ብሎ መላክ ቤት ያፈርሳል፤ አለመላክ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህን ሒሳብ ራውንድ ላይ ማንም አላስተማረንም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መሠልጠን ከጀመሩት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች (አይ ኢ ኤስ ኦ የምንላቸው) ከአንዱ አጠገብ ቆሞ፣ የቱን እዚሁ እንደሚሠራና የቱን እንደሚልክ ማየት ግን ያስተምራል።

ለነገሩ ጎንደር ራሷ የተጀመረችው ከገጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ፈጀው፤ በማግስቱ ዓመት የጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ዓላማው ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1978፣ ማለትም ከ24 ዓመት በኋላ ነው። “ገጠር ወጥቶ መማር ጊዜ ማባከን ነው” የሚሉን ወዳጆቻችን ይህችን ታሪክ ቢያውቋት አይከፋም።

ይህ ሁሉ ታዲያ አስተማሪ ሲኖር ነው። ኢንተርን ለብቻው ዲዩቲ የሚተውበት ቦታ ትምህርት ቤት ሊባል አይችልም፤ ርካሽ ጉልበት መበዝበዣ ነው። እዚያ የሚፈታው እጅ ስሕተትንም አብሮ ይለምዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ስለዚህ ዕጣ ከመለዋወጣችሁ በፊት ስለ ዶርሙና ስለ ምግቡ ሳይሆን፣ ከእናንተ በፊት የነበሩትን ልጆች ይህን ጠይቁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ስትደውሉ የሚያነሳ አለ? አንስቶስ ይመጣል? “አዎ” ካሏችሁ፣ ለማዋለዱና ለድንገተኛው ደባርቅን ያዙ፤ የውስጥ ደዌውን ጎንደር ትደርሱበታላችሁ። ወፍራም ጃኬት አትርሱ፤ የሰሜን ተራሮች ብርድ ጋዋን አያውቅም።