አንዲት የጽድ ችግኝ

ልጆች፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ስላደረግሁት አንድ ጉዞ ዛሬ ላጫውታችሁ። ጉዞው እጅግ ደስ የሚል ነበር። እኔ ግን በዚያ ጉዞ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የምነግራችሁም ከእኔ ጥፋት እንድትማሩ ብዬ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ያደግን ልጆች፣ ማታ ማታ ፀሐይ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ስትጠልቅ እናያለን። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሁልጊዜ ከሩቅ እናየው ነበር እንጂ ከመካከላችን ሄዶ የረገጠው አልነበረም። ታዲያ አንድ ዓመት በጥር ወር፣ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ፣ መምህራችን በተራራው ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን ሊያሳዩን ቀጠሮ ያዙልን።

ለአውቶቡስ የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። መምህራችን ግን የከፋይ ስም አልመዘገቡም። አንድ የተዘጋ ሣጥን አስቀመጡና እያንዳንዱ የሚችለውን፣ ማንም ሳያየው፣ እንዲጨምር አደረጉ። የጎደለውን ታላላቆቻችን ሞሉልን። ማን ስንት እንደሰጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ከክፍላችን አንድም ልጅ እንዳልቀረ ነው።

በጠዋት ተነሥተን በአየር ጤና፣ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ደረስን። ከዚያም አቧራማውን መንገድ ይዘን ሽቅብ ወጣን። መንገዱን ሙሉ እንዘምር ነበር። ከበሮውን የሚመታው ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ ነበር።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ሁላችንም ዝም አልን። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው ሰማዩን ሸፍኖታል። ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሱ የሚመስሉ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። መምህራችን የደኑን ታሪክ ነገሩን። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። «ልጆች፣ ጽድ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም። የተከሉት ሰዎች ጥላው ሥር አልተቀመጡም፤ ከ500 ዓመት በኋላ የተቀመጥነው እኛ ነን» አሉን።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ ትልቅ ነጠላ ተነጠፈ። ሁላችንም የያዝነውን ከመካከል አኖርን። እንቁላል የያዘ ነበር፤ ዳቦ የያዘ ነበር፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ የያዘም ነበር። ከተቀላቀለ በኋላ ግን የማን የማን እንደሆነ አልታወቀም። አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ የሰጠውን ብላቴና ታውቁት የለም? ያን ቀን እርሱን አስታወስሁት። ሁላችንም በልተን ጠገብን፤ ቆሎውም ተረፈ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከምሳ በኋላ ስንዞር ከአንድ ትልቅ ጽድ አጠገብ አንዲት ትንሽ ችግኝ አየሁ። ቁመቷ ከስንዝር አትበልጥም። «ቤት ወስጄ እተክላታለሁ፤ አንዲት ብትጎድል ማን ያውቃል?» አልሁና ነቀልኋት። በምሳ መያዣዬም ደበቅኋት።

አውቶቡሱ ውስጥ ልንገባ ስንል የደኑ ጠባቂ መጡ። ሽማግሌ ነበሩ። ተቆጥተው አልጮኹብንም። «ልጆቼ፣ አንዲት ችግኝ ተነቅላለች። አንዲት ምን አላት ትሉ ይሆናል። ግን ወደዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቢነቅል ለነገ ምን ይተርፋል?» አሉን።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ ልጅ፣ «የእሱ እጅ አፈር ነክቶታል!» ብሎ ወደ ጓደኛዬ አመለከተ። እውነት ነው፣ እጁ ጭቃ ነበር። ጭቃ የነካው ግን ትንንሾቹን ልጆች ምንጩን ሲያሻግር ወድቆ ነው። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። «እኔ አይደለሁም» አለ። ወደ እኔም ተመለከተ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ስንመለስ ከበሮው በጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አልመታውም። ያለ ከበሮ መዘመር ጀመርን፤ ዓለም ገና ሳንደርስ መዝሙሩ ቆመ።

ችግኟን በቆርቆሮ ተከልኋት። ውኃም አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን ደረቀች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሑድ ወደ መምህራችን ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «ለእኔ መናገርህ መልካም ነው። ጓደኛህ ግን የታማው በሁሉም ፊት ነው» አሉኝ። እኔም በሁሉም ፊት ቆሜ ተናገርሁ። ጓደኛዬ አልሰደበኝም። «ለምን ያን ጊዜ አልተናገርህም?» ብቻ አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይቅርታ አደረገልኝ፤ ነገር ግን ከበሮውን መልሶ እስኪያነሣ ድረስ ሁለት ሰንበት አለፈ።

ክረምት ሲገባ ክፍላችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የጽድ ችግኞች ተከለ። በበጋው ወራት ውኃ እንዳጠጣ ራሴ ጠየቅሁ። ጓደኛዬም ባልዲውን በአንድ በኩል ይዞ ያግዘኝ ነበር።

ልጆች፣ አሁን ልብ በሉ። ሣጥኑ የጋራ ነበር፤ ምሳውም የጋራ ነበር፤ ደኑም የጋራ ነበር። በሣጥኑና በምሳው እያንዳንዱ ጥቂት ጨመረ፤ ለሁሉም በቃ። ከደኑ ግን እኔ ጥቂት ቀነስሁ። የጓደኛዬንም መልካም ስም እንዲሁ በዝምታዬ ቀነስሁ። የጋራ የሆነ ነገር የሚያድገው ሁሉም ጥቂት ሲጨምርበት ነው፤ የሚያልቀውም ሁሉም «አንዲት ብቻ» እያለ ሲወስድበት ነው።

እናንተም ለጉዞ ስትወጡ ተራራውን፣ ደኑን፣ አራዊቱን ደስ ብሏችሁ እዩ። የያዛችሁትን ተካፈሉ። ያገኛችሁትን በቦታው ተዉ። ብታጠፉ ደግሞ፣ ሌላው ሳይታማባችሁ፣ በዚያው ሰዓት «እኔ ነኝ» በሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መምህሩ የከፋዮችን ስም ያልመዘገቡት ለምን ይመስላችኋል?
2. ለመምህሩ ብቻ መናገር ያልበቃው ለምንድን ነው?
3. በክፍላችሁ ወይም በሰፈራችሁ የጋራ የሆኑ ሦስት ነገሮችን ጥቀሱ። እናንተ በእያንዳንዱ ላይ ምን ትጨምራላችሁ?