የተማሪዎቻችን ጉዞ

በሐይቅ የምናስተምር መምህራን ተማሪዎቻችንን ታሪካዊ ሥፍራ ለማሳየት ባሰብን ጊዜ፣ አስቀድመን የመረጥነው ቅርባችን ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነውና። ወጪውም ቀላል ነበር። ነገር ግን አንዲት ተማሪ፦ «እኛ ሴቶቹስ ከደጅ ቆመን ልንጠብቅ ነውን?» ብላ ጠየቀችን። ገዳሙ ሴት የማይገባበት መሆኑን እያወቅን ልብ ሳንል መቅረታችን አሳፈረን። የአባቶችን ሥርዓት እናከብራለን፤ ሴቶች ልጆቻችንን ማስቀረት ግን አልወደድንም። ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገቡት ወደ 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለመሄድ ቆረጥን። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ያለው ለሌለው ይሙላ፤ ወንድም ከእኅቱ ጋር አብሮ ይሳለም።