ራሱን የሚተክል ዛፍ

ማንግሮቭ ሲተከል የተነሳ ፎቶ ሁልጊዜ ያምራል። በጎ ፈቃደኞቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል፤ በእጃቸው እንደ እርሳስ የቀጠነ አረንጓዴ ችግኝ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ባሕር ይታያል። ፎቶው የማያሳየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ምን እንደቀረ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጭቃው ብቻ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት ከዛፉ መጀመር ያስፈልጋል። ቀይ ማንግሮቭ ከፍሎሪዳ እስከ ብራዚል፣ በካሪቢያን ደሴቶችና በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፣ የብስና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ ይበቅላል። በእስያና በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የቅርብ ዘመዶቹ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ሌላውን ዛፍ የሚያደርቀው ጨዋማ ውሃ ይህን አይገድለውም፤ ሥሩ አብዛኛውን ጨው ከበር ይመልሰዋል። ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከግንዱ እንደ ሸረሪት እግር ወደታች የሚዘረጉ ሥሮች ያወጣል፤ ከውሃው በላይ በሚቀረው የሥሩ ቅርፊት ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይተነፍሳል።

አወላለዱም ለየት ያለ ነው። ዘሩ የሚበቅለው መሬት ላይ ሳይሆን ገና እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ሲወድቅ ዘር ሳይሆን የተዘጋጀ ችግኝ ነው። ጭቃ ካገኘ እዚያው ይተከላል፤ ካላገኘ ደግሞ ይንሳፈፋል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሳይሞት በባሕር ላይ ሊጓዝ፣ የሚስማማው ዳርቻ ሲደርስ ሥር ሊሰድ ይችላል። በአጭሩ፣ ይህ ዛፍ ተካይ የሚቸግረው ዛፍ አይደለም።

የሚሰጠው ጥቅምም ቀላል አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፍሎሪዳ የተመራመሩት ኤሪክ ሂልድና ዊሊያም ኦደም፣ ከቀይ ማንግሮቭ የሚረግፈው ቅጠል ውሃ ውስጥ በስብሶ የሽሪምፑ፣ የሸርጣኑና የትንንሽ ዓሦቹ ምግብ እንደሚሆን አሳዩ። ሥሮቹ ደግሞ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የካሪቢያን ጥናት እንዳመለከተው፣ በአቅራቢያው ማንግሮቭ ያለው የኮራል ሪፍ ላይ የአንዳንድ ለገበያ የሚፈለጉ ዓሦች ክብደት ማንግሮቭ ከሌለው አካባቢ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ደኑ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚያውቀው መረቡ ባዶ የሚወጣበት ዓሣ አጥማጅ ነው።

ታዲያ ራሱን በሚገባ የሚተክል ዛፍ፣ ሰው ሲተክለው ለምን ይሞታል?

አንዱ ምክንያት የውሃ መጠን ነው። ባሕሩ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ሮቢን ሌዊስ የተባለው የፍሎሪዳ ባለሙያ ደጋግሞ እንዳስረዳው፣ ማንግሮቭ የሚኖርበት መሬት በውሃ የሚሸፈነው ከጠቅላላው ጊዜ 30 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ችግኙ ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ቶሎ በማይሸሽበት ጭቃ ላይ ከተተከለ መተንፈሻው ተዘግቶ ይታፈናል፤ ወይም ሞገድ ይነቅለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከውሃ ጋር አይገናኝም፤ ከባለቤትነት ጋር እንጂ። ፊሊፒንስን እንመልከት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 450 ሺህ ሄክታር ገደማ ይገመት የነበረው የማንግሮቭ ደኗ በ1990ዎቹ ወደ 120 ሺህ ወርዷል። ዋናው ምክንያት ደኑ እየተመነጠረ የዓሣና የሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ መሆኑ ነው። ትክክለኛው የዛፉ መሬት ያ ኩሬ ያለበት ነው፤ ኩሬው ግን ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ጠበቃ አለው። ከፊት ለፊቱ ያለው ጭቃማ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ባለቤት የለውም፤ እዚያ ቢተከል የሚከራከር አይኖርም። የአገሪቱ ተመራማሪ ዩርጌኔ ፕሪማቬራ ለዓመታት ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፦ ችግኙ የሚሄደው ዛፉ ወደሚኖርበት ሳይሆን ክርክር ወደሌለበት ነው።

ስሪላንካም ሌላ ምስክር ናት። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ በ23 ቦታዎች ከ1,000 እስከ 1,200 ሄክታር ማንግሮቭ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ሲቆጥረው የተሳካው 200 ሄክታር ቢበዛ 220 ነበር። በ9ኙ ቦታዎች አንድም ተክል አልተረፈም።

በአንጻሩ በፍሎሪዳ ሆሊውድ ከተማ፣ ዌስት ሌክ በተባለው ስፍራ የሆነው ይህ ነው። ሌዊስና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። ቀድሞ የተደፋውን አፈር በማሽን አነሱ፣ መሬቱን ወደ ትክክለኛ ከፍታው መለሱ፣ የባሕሩ ውሃ የሚገባና የሚወጣባቸውን ቦዮች ከፈቱ። 500 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ስፍራ ማንግሮቭ በእጅ ሳይተከልበት አገገመ። ውሃው መንገድ ሲያገኝ ችግኙን ራሱ አመጣው።

ይህ ማለት መትከል ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአቅራቢያው እናት ዛፍ ካልቀረ የሰው እጅ ያስፈልጋል። ግን ከመትከል በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ዛፉ ከዚህ ለምን ጠፋ? ያጠፋው ምክንያት ካልተነሳ አዲሱ ችግኝ የአሮጌውን ዕጣ ይደግማል።

ጥያቄው ባሕር ለሌላት አገርም ይሠራል። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መትከሏን አስታውቃለች። ቁጥሩ የዓለም ዜና ሆነ። ለተራራውም ሆነ ለባሕር ዳርቻው ግን ከዚያ የሚበልጠው ዜና ሌላ ነው፦ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሟል? ማን ቆጠረው? ባልጸደቀበት ቦታስ ምክንያቱ ተጣራ ወይስ ጉድጓዱ በሚቀጥለው ክረምት ለሌላ ችግኝ ተቆፈረ?

የተተከለን መቁጠር የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጸደቀን ለመቁጠር ግን ተመልሶ መሄድን፣ መሬቱ የማን እንደሆነ መጠየቅን፣ አንዳንዴም የኩሬውን ባለቤት ማስቀየምን ይጠይቃል። በጀቱ የሚለቀቀው በመጀመሪያው ቁጥር እስከሆነ ድረስ ሁለተኛውን ፈልጎ የሚሄድ አይገኝም።