ታንኳና የውሃ ሚዛን

በጣና ዳር በፎገራ አገር ለተወለደ ሰው ታንኳ ብርቅ ነገር አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ባለበሱት ጊዜ፥ በብዙ ስፍራ ሰው የሚሻገረው በእርሱ ነው። ነገር ግን ዘወትር የምናየውን ነገር ምክንያቱን መጠየቅ እንተዋለንና፥ ደንገል ስለ ምን እንደሚንሳፈፍ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

«ቀላል ስለ ሆነ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። ትንሽ ምስማር ትሰጥማለች፤ ታላቁ የብረት መርከብ ግን ይንሳፈፋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሲራኩስ ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስረዳው፥ ውሃ በውስጡ የገባውን ነገር ወደ ላይ የሚገፋው፥ ያ ነገር ስፍራ ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ታንኳው 60 ኪሎ፥ ቀዛፊው 60 ኪሎ፥ ጭነቱም 80 ኪሎ ቢሆን፥ 200 ሊትር ውሃ ማስለቀቅ ይገባዋል፤ መላ አካሉ ይህን ያህል ማስለቀቅ ካልቻለ ይሰጥማል።

መርከብ የሚንሳፈፈው በሆዱ ባዶነት ነው። የእኛ ታንኳ ግን አየሩን የያዘው እንደ ሰፍነግ በሆነው በደንገሉ ልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ እንደ ተቀደደ መርከብ ባንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፥ ክብደቱም ይጨምራል። ባለ ታንኳዎች ከሥራ በኋላ አውጥተው በፀሐይ የሚያደርቁት ስለዚህ ነው።

አደጋውም ከዚህ ላይ ነው። አዲስ ሳለ ሦስት ሰው የተሸከመ ታንኳ፥ ከጊዜ በኋላ ሁለቱን እንኳ ሊከዳ ይችላል፤ መልኩ ግን ያው ነው። አባቴ ተሳፋሪ ሲለምናቸው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የውሃውን ጠርዝ ይመለከቱ ነበር። ደንገሉ ከውሃ በላይ አንድ ስንዝር ካልቀረ፥ ለማኙ ካህን እንኳ ቢሆኑ፥ «አባቴ፥ ይቆዩኝ፤ ተመልሼ እወስድዎታለሁ» ይሉ ነበር።

ዛሬ የእርሻ መስፋፋት በሐይቁ ዳር ደንገሉን አሳንሶታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 መኖሩ የታወቀው እምቦጭም፥ በቅጠሉ አገዳ አየር ይዞ በዚያው ሕግ እየተንሳፈፈ፥ በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ወርሮታል። ደንገል በታጣ ቁጥር አሮጌውን ታንኳ ለጥቂት ወር ጨምሮ የመጠቀም ፈተና ይበዛል። የውሃ ሚዛን ግን ለድኻ አያዝንም፥ ለባለጸጋም አያደላም። ስለዚህ በታንኳ የምትሄዱ ሁሉ፥ ከመነሣታችሁ አስቀድሞ ጠርዙን ተመልከቱ፤ ባለ ታንኳውም «ይቆዩ» ቢላችሁ አትቆጡት።